በጭንቅ ቀን የቤትን ውለታ ስለ ማወቅ

(በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለመምህራንና ለዕጩ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ምስጋና መናገር በጥጋብ ቀን ቀላል ነው፤ የሚቃወምም አይገኝም። በጭንቅ ቀን ግን ተናጋሪው «አመስግኑ» ባለ ጊዜ ሰሚው «ስለ ምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እኔም ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ስለ ቤት ውስጥ ምስጋና ጥቂት ቃል እንድናገር ሲፈቀድልኝ፥ ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ወደ ሌላ ነገር ብሻገር አድማጮቼን እንደ ናቅሁ የሚያስቈጥር ስለ ሆነ፥ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ያለፍንባቸውን ጥቂት ዓመታት እናስታውስ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ለ15 ቀን የተባለውም መዘጋት እስከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ዘለቀ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ቈየ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በልዩ ልዩ ስፍራ ጠመንጃ ዝም አላለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የዚህን ምክንያትና ውጤት በመጽሐፍ ይጽፉታል፤ የወር ደመወዝተኛ ግን በዘይትና በሽንኩርት ዋጋ ያነበዋል።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ዘመን ምስጋና ምን እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት፥ ምን እንዳልሆነ ልናገር። ምስጋና ችግርን መካድ አይደለም። በአገራችን አንዱ ሌላውን «እንደምን ከረማችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ተመስገን» ነው፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ልጁ የታመመበት ወይም የቤት ኪራይ የጨመረበት ሰው ብሶቱን ሊናገር አፉን በከፈተ ጊዜ፥ «ተመስገን በል፤ ከአንተ የባሰ አለ» ብሎ ዝም ማሰኘት፥ በሚፈላ ድስት ላይ ክዳን መጫን ነው እንጂ ምስጋናን ማስተማር አይደለም። ይልቁንም ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው፥ «ከእኔ የባሰ አለ» ብሎ የሚጽናና ሰው መጽናናቱን በጎረቤቱ ሥቃይ ላይ መሥርቶታል፤ ጎረቤቱ ከሥቃዩ በዳነ ቀን የእርሱ ምስጋና ይፈርሳል። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው መምህርም ይህንኑ በሕጋዊ መንገድ በማኅበሩ በኩል ቢናገር ውለታ ቢስ ሊባል አይገባውም። ምስጋናና አቤቱታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ።

እኔ ምስጋና የምለው ዕውቀትን ነው። ማን ምን እንዳደረገልን፥ ስንት ጊዜና በምን ያህል ድካም እንዳደረገልን አጥርቶ ማወቅ፥ ዐውቆም አለመርሳት ነው። አባቶቻችን ይህን ነገር «ውለታ» ብለው ጠርተውታል። ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፥ መልካሙን ሰው «ውለታ ዐዋቂ» እንለዋለን፤ ቃሉ ከስሜት ይልቅ ወደ ማወቅ ያመለክታል። ነገሩ ዕውቀት ከሆነ ደግሞ ሊማሩትም ሊያስተምሩትም ይቻላል፤ ስለዚህ ለመምህራን ጉባኤ የሚገባ ጉዳይ ነው።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ አብልጦ የሚጐድለን ግን በገዛ ቤታችን ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይባላል። በመንገድ ያገኘነው የማናውቀው ሰው የወደቀ ዕቃችንን ቢያነሣልን ጐንበስ ብለን እናመሰግነዋለን፤ የዕለት ምግባችንን የሚያቀርብልንን ሰው ግን ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ወጡ ጨው በበዛበት ዕለት ነው። አበው እንዲህ ያለውን ሰው «የቤት ቀጋ፥ የውጭ አልጋ» ብለውታል። ለውጭው ሰው ምቹ ሆኖ ይነጠፋል፤ ለቤተ ሰቡ ግን እሾህ ነው። በጭንቅ ቀን ደግሞ ይህ እሾህ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ሰው በገበያና በመሥሪያ ቤት የዋጠውን ቍጣ ይዞ የሚገባው ወደ ቤቱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ፤ ምሳሌውንም ከሩቅ አላመጣም፤ ከመሶቡ እወስደዋለሁ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ ግማሽ ግራም አይሞላም። ይህ እንደ አሸዋ የደቀቀ እህል እንጀራ ሆኖ መሶብ እስኪገባ ድረስ ይበጠራል፥ ይነፋል፥ ወደ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል፤ ከላዩ የጠለለው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱም በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል፥ በማሰሻ ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ወደ መካከል እየዞረ ይፈስሳል፤ ዐይን ሲያወጣ በአክንባሎ ይከደናል፤ ሲበስል በሰፌድ ይወጣል። እርሾው የተበላሸ እንደ ሆነ ከጎረቤት ይለመናል። ስለዚህ ሰኞ የምንበላው እንጀራ ዓርብ የታሰበ እንጀራ ነው። ቤተ ሰቡ ዛሬን ሲኖር፥ ሊጡን ያቦካችው ሴት ግን ከነገ ወዲያን ትኖራለች።

የኑሮ ውድነት በመጣ ጊዜ ይህ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ማኛ ጤፍ የለመደ ቤት ወደ ሰርገኛ ይወርዳል፤ ሰርገኛውም ሲወደድ በቆሎ ወይም ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀየጥበታል። ቅይጥ የበዛበት እንጀራ ግን ሲያድር ይደርቃል፥ ሲጠቀልሉትም ይቆራረሳል። ስለዚህ ስንት እጅ ጤፍ፥ ስንት እጅ ቅይጥ ቢሆን እንጀራው ሳይሰባበር እንደሚቈይ ሞክራ የደረሰችበት እናት፥ ቤተ ሙከራ ሳይኖራት ምርምር አድርጋለች። ሽንኩርቱን ትቀንሳለች፤ ወጡ ግን ወጥ ሆኖ ይቀርባል። ያደረውን እንጀራ አትጥለውም፤ ጧት ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ልጆቹ የጐደለውን ነገር አላወቁም፤ አለማወቃቸውም አንድ ሰው እንዳያውቁት ስለ ደከመላቸው ነው። የገበያው ችግር በጋዜጣ ተጽፏል፤ ቤቱ ያንን ችግር የተሻገረበት ጥበብ ግን በየትኛውም ጋዜጣ አልተጻፈም።

ስለ ውሃም እንዲሁ ነው። ይህንንስ የሒሳብ መምህር በሰሌዳ ላይ ሊጽፈው ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 5 ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥ፥ ለማብሰያና ለእጥበት በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ብቻ ቢበቃው፥ በቀን 100 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ይዞ 5 ጊዜ መመላለስ ነው። ቧንቧ በሌለበት፥ ወይም ቧንቧ ኖሮ ውሃ በማይመጣበት ቤት፥ ከቤተ ሰቡ አንዱ በየቀኑ አንድ ኩንታል ተሸክሟል ማለት ነው። ያም ሸክም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በ12 ወይም በ13 ዓመት ልጃገረድ ትከሻ ላይ ነው። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ክፍል ደርሳ «ለምን ዘገየሽ?» የምትባለውም ይህችው ልጅ ናት።

ድካሙ የሴቶች ብቻ ነው አልልም። የታክሲውን ገንዘብ ለልጁ ደብተር ብሎ በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄድ አባት አለ፤ ጫማው ለምን ቶሎ እንዳለቀ የሚጠይቀው የለም። በጭንቅ ቀን በየቤቱ የሚነገር አንድ ውሸትም አለ፤ «እናንተ ብሉ፤ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል ነው። የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ ካዩ ወላጆች የተወለድን ሰዎች ይህን ውሸት ሳንሰማ አላደግንም። ውሸት ሁሉ ያስነቅፋል ብለን ለልጆች እናስተምራለን፤ ይህን ውሸት ግን ደርሰንበት ሳለ የተናገረውን ሰው ለመንቀፍ ማን አፍ ይኖረዋል? የሚሻለው ነገሩን እንዳወቁ መንገርና የራስን ጉርሻ ወደ እርሱ አፍ መመለስ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ከእኛ ከመምህራን ብዙዎቻችን ከቤት ዋልን። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበርና እኛም በአቅማችን ተማሪዎቻችንን በስልክ እንከታተል ነበር፤ የቀረውን ሰዓት ግን አንድ የሥራ ቀን በቤት ውስጥ ከንጋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ዕድል አገኘን። ከዚያ ወዲህ እኔ ለምሠለጥናቸው ዕጩ መምህራን በየዓመቱ አንድ የጽሕፈት ሥራ እሰጣለሁ። በአንድ ገጽ ላይ፥ በቤታቸው በአንድ ቀን ውስጥ ማን ምን እንደ ሠራ በሰዓት ለይተው ይጽፋሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ «ደግ»፥ «ሩኅሩኅ»፥ «ታታሪ» የሚሉ ቅጽሎች አይጻፉም፤ ግሶች ብቻ ይጻፋሉ። «እናቴ ደግ ናት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ማንኛዪቱም እናት ሊነገር ይችላል፤ «እናቴ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥታ እሳት አነደደች» የሚለው ግን ስለ አንዲት ሴት የተመሰከረ ምስክርነት ነው።

አንድ የሸማኔ ልጅ የሆነ ሠልጣኝ የአባቱን ሥራ ሊጽፍ ጀመረ። ነገር ግን አባቱ ከሽመናው ጕድጓድ ከመግባቱ በፊት እናቱ ጥጡን ስትፈለቅቅ፥ ስትባዝትና ስትፈትል፥ ልቃቂቱንም ስታዘጋጅ የሠራችውን ሲዘረዝር ገጹ አለቀበት፤ አባቱ ገና መወርወሪያውን አላነሣም ነበር። አንዲት ሠልጣኝ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው አያትዋ ሕፃኑን በተረት ሲያስተኙ፥ እናትዋ በዚያች ሰዓት ልብስ አጥባ እንደምትጨርስ ጻፈች። በገጹም ግርጌ «አያቴ ምንም አይሠሩም ሲባል እሰማ ነበር፤ የእናቴ አንድ ሰዓት ግን የእርሳቸው ስጦታ ነው» የሚል ቃል ጨመረች። ከዚህ የበለጠ ስለ ምስጋና የተጻፈ ትምህርት እኔ ከሠልጣኞቼ እጅ አላገኘሁም።

የምስጋና ቃላችንንም እንመርምር። በጎ ለዋለልን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም «አላህ ይስጥልኝ» ይላሉ። የሰዋስው መምህራን በመጨረሻ ያለችውን «ልኝ» የምትል ምዕላድ ልብ በሉልኝ። ቃሉ «ይስጥህ» ብቻ ቢሆን ምርቃት ነው። «ይስጥልኝ» ሲሆን ግን፥ ዕዳው የእኔ ነበር፤ እከፍለው ዘንድ ዐቅም አነሰኝና በእኔ ፈንታ ፈጣሪ ይክፈለው ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ቃል የሚናገር ሰው ባለ ዕዳ መሆኑን በገዛ አፉ አምኗል። ዕዳውን ያመነ ሰውም የሚችለውን ያህል ራሱ ሊከፍል ይገባዋል፤ ሁሉን ለፈጣሪ ትቶ እጁን ታጥቦ መቀመጥ ከቃሉ ጋር አይስማማም። «እጅሽ ይባረክ» ያልናት እጅ በምጣድ የተቃጠለች እንደ ሆነች ካየን፥ ምርቃቱ ብቻ አይበቃትም፤ ቅባት ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጐዶሎ ይሆናል። ስለ ቤት ስንናገር ቤቱን ያጣ ወገን በመካከላችን አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር፤ ገሚሶቹ በመጠለያ፥ ገሚሶቹም በዘመድ ወይም በማያውቁት ሰው ቤት ተጠጉ። ለእነዚህ ሰዎች «አመስግኑ» ብሎ መምከር ድፍረት ይሆናል፤ ይህን ቃል ራሳቸው ቢናገሩት እንጂ ሌላ ሰው ሊነግራቸው አይገባም። ነገር ግን ከእነርሱ የምንማረው አለ። ትዳር የያዘን ሰው «ሦስት ጕልቻ መሠረተ» እንለዋለን፤ «ጣራ ሠራ» ግን አንልም። ቤት የተባለው ከጕልቻው ይጀምራል ማለት ነው። ከአገርዋ የተሰደደች እናት በመጠለያ ደጃፍ ሦስት ድንጋይ ጐልታ፥ ያገኘችውን ጥቂት ቡና ቈልታ፥ ከአጠገብዋ ያረፈችውን ሴት «ነይ፥ ቡና ጠጪ» ባለቻት ጊዜ ቤቷን እንደ ገና መሥርታለች። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ባይደርስም፥ መጠራራቱ ከቤት የወጣ ንብረት ነው፤ ማንም ሊዘርፈው አልቻለም። እነዚያን ተፈናቃዮች ያስጠጉትም ሰዎች አብዛኞቹ ባለጸጎች አልነበሩም፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የማይበቃውን መሶብ ለሁለት ቤተ ሰብ ያቀረቡ ናቸው። የእነዚህንም ውለታ ማወቅ ለሁላችንም ይገባል።

ውድ ዕጩ መምህራን፤ በቅርብ ጊዜ ውስጥ በየገጠሩና በየከተማው ተሠማርታችሁ ክፍል ትረከባላችሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር ዐደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፤ ቍጠሩ። በቤታችሁ ማን ምን እንደሚሠራ በግስ ቍጠሩ። ተማሪ ሲዘገይባችሁም ከመገሠጻችሁ በፊት ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ አስቀድሞ ምን እንደ ሠራ ጠይቁ። ሥርዓት ይፍረስ፥ ማርፈድ ይፈቀድ አላልሁም፤ የክፍል ሥርዓት መከበር አለበት። ነገር ግን አንድ ኩንታል ውሃ ተሸክሞ የዘገየውንና ተኝቶ ያረፈደውን በአንድ ሚዛን የሚመዝን መምህር፥ ሥርዓትን አከበርሁ ብሎ ፍርድን ያጓድላል።

ሁለተኛ፤ ተናገሩ። ምስጋናውን ለሠራው ሰው፥ በሠራው ነገር ስም፥ ልጆች እየሰሙ ንገሩት። ልጅን «አመስግን» ብሎ ማዘዝ ቃሉን ያስለምደዋል፤ አባቱ እናቱን፥ እናቱም አባቱን ስለ ምን እንዳመሰገኑ ሲሰማ ግን ነገሩን ይማራል። ዛሬ አመስግኖ ለነገ የገበያውን ችግር መመካከርም ይቻላል፤ እንዲያውም ድካሙ የታወቀለት ሰው ጭንቀቱን ለመናገር አይፈራም።

ሦስተኛ፤ ሸክሙን አንሡ። ከጀሪካኑ አንዱን ያነሣ ወንድም ለእኅቱ ከመቶ ቃል የሚበልጥ ምስጋና ሰጣት። በብዙ ደመወዝተኛ ቤት ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች፤ ስለ ቤት ውለታ ስንናገር እርስዋን ብንዘነጋ ንግግራችን ከንቱ ነው። የዚያች ልጅ ምስጋና ደመወዝዋን በቀኑ መክፈልና የማታ ትምህርት የምትማርበትን ሰዓት መልቀቅ ነው። መምህር ሆኖ በቤቱ ያለችው ልጅ ፊደል ሳትቈጥር እንድትኖር የሚፈቅድ ሰው ሊኖር አይገባም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህ የጭንቅ ዘመን ሲያልፍ የታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ጦርነቱና ስለ ስምምነቱ፥ ስለ ወረርሽኙና ስለ ምንዛሪው ይጽፋሉ፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። የእያንዳንዳችንን ቤት ማን እንዳሻገረው ግን የሚጽፍ ጸሓፊ አይመደብም። ማን ሌሊት እንደ ተነሣ፥ ማን ሳይበላ በላሁ እንዳለ፥ ማን በእግሩ እንደ ሄደ የሚታወቅበት መዝገብ ከእኛ በቀር ያዥ የለውም። እኛ ካልያዝነው ልጆቻችን ያ ዘመን በራሱ ጊዜ ያለፈ ይመስላቸዋል። በራሱ ጊዜ ያለፈ ክፉ ቀን ግን የለም፤ ያሳለፉት ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ማታም በየቤታችን እናገኛቸዋለን።